ከአተር እስከ ጤፍ፦ የዓሣ እንቁላል ለቀይ ባሕር ዓሦቼ

ዓርብ፣ ነሐሴ 9 ቀን 2017፣ ሲያትል

ገንዳዬ ውስጥ ያሉት አንቲያስ የሚባሉ ትንንሽ የባሕር ዓሦች ከስተዋል። ከጎን ሲታዩ ደህና ይመስላሉ፤ ወንበር ላይ ቆሜ ከላይ ሳያቸው ግን ከጭንቅላታቸው ኋላ ያለው ሥጋ ጎድጉዶ ጀርባቸው እንደ ቢላ ስለት ሆኗል። ስድስት ናቸው፤ አንድ ወንድ፣ አምስት ሴት። ነጋዴው ከኬንያ የመጡ ናቸው ብሎኛል፤ ዝርያው ግን ቀይ ባሕር ውስጥም በሺህ እየሆነ ኮራሉ ላይ የሚርመሰመሰው ያው ብርቱካናማ ዓሣ ነው። ገንዳው 120 ጋሎን፣ ወደ 450 ሊትር ይይዛል። ከእነሱ ጋር ሐምራዊ ታንግ የሚባል ዓሣ አንድ፣ ባለ ሁለት መቀነት ክሎውንፊሽ የሚባሉ ዓሦች ጥንድ አሉ። ሁሉንም የመረጥኳቸው ቀይ ባሕር የሚኖሩ ስለሆኑ ነው። እማዬ ያደገችው አሰብ ነው። ማታ ማታ ወንበሯን ገንዳው ፊት አስጠግታ ትቀመጣለች።

አንቲያስ በተፈጥሮው ቀኑን ሙሉ ነው የሚበላው። የውሃው ጅረት ላይ ፊቱን አዙሮ ቆሞ፣ የሚያልፈውን ደቃቅ የባሕር እንስሳ አንድ በአንድ ይለቅማል። እኔ በቀን ሦስቴ የቀዘቀዘ ማይሲስ፣ ማለትም ሽሪምፕ መሰል ደቃቅ እንስሳ፣ እሰጣለሁ፤ ሁለቱ ሴቶች ግን ማይሲሱን ቀምሰው ይተፉታል። ሌሎቹ የኮራል ዓሦች አመሻሹ ላይ እንቁላላቸውን ወደ ላይ ሲረጩ አንቲያሶች ተሻምተው ነው የሚበሉት። ስለዚህ የዓሣ እንቁላል ልሞክር ነው። ሱቅ ውስጥ የቀዘቀዘው ትንሽ ጥቅል ተወዷል። በሌላ በኩል የዘንድሮው ነሐሴ ባሕሩ በፒንክ ሳልመን የሚሞላበት ነው፤ ዳር ላይ ደግሞ እንቁላሉ ከአንጀት ጋር ሲጣል በዓይኔ አይቻለሁ።

ፒንክ ሳልመን ዕድሜው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። በተወለደ በሁለተኛው ዓመት ወደ ወንዙ ተመልሶ፣ ወልዶ ይሞታል። ስለዚህ የጎዶሎው ዓመት ዘርና የሙሉው ዓመት ዘር ተገናኝተው አያውቁም። እዚህ ሲያትል ዳር ባለው የባሕር ወሽመጥ፣ ፒዩጀት ሳውንድ ውስጥ በብዛት የሚመጣው በጎዶሎው ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር 2023 መጣ፣ አሁን 2025 ነው። በእኛም አቆጣጠር ነሐሴ ላይ ጎዶሎ ሆኖ ይገጥማል።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10

ጋሼ ከሌሊቱ 10 ሰዓት በመኪናቸው መጡልኝ። ሊንከን ፓርክ ስንደርስ ገና አልነጋም፤ ሃያ የሚሆን ሰው ጠጠሩ ላይ ተሰልፏል። የማጥመጃ ፈቃዴን፣ የዓሣ መመዝገቢያ ካርዴን፣ በረዶ የሞላ ሳጥን ይዣለሁ። መንጠቆው እዚህ በሕግ አንድ ጫፍ ብቻ ያለውና የኋሊት ጥርስ የሌለው መሆን አለበት። ጋሼ ሦስት፣ እኔ ሁለት ያዝን። ከአምስቱ ሁለቱ ሴት ናቸው። ወንዱ ጀርባው ማበጥ ስለጀመረ በቀላሉ ይለያል።

ሥራው የሚበላሸው ወይም የሚያምረው እዚያው ዳሩ ላይ ነው። ዓሣው እንደተያዘ ደሙ መፍሰስ አለበት፤ ደሙ ውስጡ ከቀረ የእንቁላሉ ከረጢት ሥሮች ይጠቁራሉ፣ ሽታውም ቶሎ ይለወጣል። ሆዱን ስቀድ የቢላዋን ጫፍ ወደ ላይ አድርጌ ነው የሄድኩት፤ ሐሞት ከተነካ አረንጓዴው ይሰራጫል። አንድ ሰው አጠገባችን እንቁላሉን ሊጥል ሲል ለመንኩትና በደስታ ሰጠኝ፤ ግን ሐሞቱ ፈስሶበት ስለነበር ወደ ቤት አልወሰድኩትም። በባሕሩ ውሃም አላጠብኩም። በጋ ላይ ዳሩ ሲሞቅ በውሃው ውስጥ ቪብሪዮ የሚባለው ባክቴሪያ ይበዛል፤ ንጹሕ ገንዳ ውስጥ ልጨምረው አልፈልግም። ከረጢቶቹን በፕላስቲክ ጠቅልዬ በረዶ ላይ አኖርኳቸው። በረዶው በቀጥታ ከነካቸው ቀልጦ ይነክራቸዋል፣ ስለዚህ በመሐል ፎጣ አለ።

ሥጋውን ጋሼ ወሰዱት። ይህንን ሊሞክር ለሚያስብ ሰው ሁሉ እላለሁ፦ እንቁላሉን ብቻ ፈልጎ ዓሣውን መጣል በዋሽንግተን ግዛት ሕግ ያስቀጣል፣ ባያስቀጣም ነውር ነው።

ያው ቀን፣ ከሰዓት

ፍልሰታ ነው። እማዬ ሳጥኑን ስታይ «በጾም ማድቤቴን ዓሣ ዓሣ እንዳታሸትብኝ፤ ጋራዥ ውስጥ ሥራው» አለችኝ። ጠረጴዛ አወጣሁ።

ሁለት ሴት፣ አራት ከረጢት፣ በጠቅላላው 340 ግራም። እንቁላሉ ገና ጠንከር ብሎ እርስ በርሱ ተጣብቋል። ዓሣዎቹ ወንዝ ለመግባት ሳምንታት ስለሚቀራቸው አልበሰለም፤ መጠኑ 4 ሚሊሜትር ገደማ፣ ትልቅ ምስር ያክላል። ቀለሙ የሚያስደስት ብርቱካናማ ነው። ይህ ቀለም አስታዛንቲን ከሚባለው ነገር የሚመጣ ሲሆን ሳልመኑ ከባሕር ውስጥ ደቃቅ ክሩስታሴዎች፣ ማለትም ከሽሪምፕ ዘመዶች፣ ያገኘዋል። ገንዳ ውስጥ የቆዩ አንቲያሶች የሚገረጡት ይህ ሲጎድልባቸው ነው። በዚያ ላይ የባሕር ዓሣ በደንብ ሊሠራው የማይችለው ዲ.ኤች.ኤ. የሚባለው ስብ እንቁላሉ ውስጥ ሞልቷል።

የመጀመሪያውን ከረጢት በቧንቧ ለብ ያለ ውሃ ነከርኩት። በደቂቃዎች ውስጥ እንቁላሉ ሁሉ ነጣ። የተቀቀለ ሩዝ መሰለ። ተበላሸ ብዬ ልጥለው ነበር፤ ዘወር ብዬ ሳስብ ግን ነገሩ ገባኝ። በአስኳሉ ውስጥ ያለው ፕሮቲን የሚሟሟው ጨው ባለበት ነው። ንጹሕ ውሃ ሲገባበት ጨዉ ይቀጥናል፣ ፕሮቲኑም ይረጋና ይነጣል። ጨው ሲመለስለት ተመልሶ ይሟሟል። ለገንዳ በማዘጋጀው ጨዋማ ውሃ፣ በሊትር 35 ግራም ጨው ባለበት፣ ነከርኩትና ከሩብ ሰዓት በኋላ ብርቱካናማነቱ ተመለሰ። ደስ አለኝ። የተሰነጠቁት ግን ነጭ እንደሆኑ ቀሩ፤ እነሱን ለቅሜ አወጣኋቸው።

ከዚያ በኋላ የነካሁት ውሃ ሁሉ ጨዋማ ነው። የቀሩትን ሦስቱን እንዲህ ሠራኋቸው፦ ጨዋማውን ውሃ 40 ዲግሪ አሙቄ ከረጢቶቹን ለአሥር ደቂቃ ያህል አስቀመጥኳቸው። ስሱ ሽፋን ሲሞቅ ይኮማተራል፣ ይነጣል፣ ከእንቁላሉም ይላቀቃል። ከዚያ ዳቦ የሚበርድበትን የሽቦ መደርደሪያ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ጋድሜ፣ ከረጢቱን በተከፈተው በኩል ወደ ታች አድርጌ በመዳፌ ቀስ እያልኩ አሸሁት። ፍሬው በሽቦው መሐል እየወደቀ ሽፋኑ እጄ ላይ ቀረ። በማንኪያ ለመፈልፈል የሚሞክር ሰው ሩቡን ያፈርጠዋል።

አንደኛው ከረጢት ላይ የተጠቀለለ ነጭ ትል አገኘሁ፣ እንደ ሰዓት ውስጥ ጥቅል ሽቦ። አኒሳኪስ ነው፤ በባሕር ሳልመን ሆድ ውስጥ የተለመደ ነው። ለዚህ ነው አንድም እንቁላል ሳይቀዘቅዝ ወደ ገንዳዬ የማይገባው። ሰዎች ለሚበሉት ጥሬ ዓሣ የሚታዘዘው ቢያንስ 7 ቀን በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ነው። የቤቴ ፍሪዘር 18 ብቻ ስለሚደርስ እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ እጠብቃለሁ። ቅዝቃዜ ትሉን ይገድላል፤ ባክቴሪያንና ቫይረስን ግን ሁሉንም አይገድልም። ስለዚህ ንጽሕናው ቅድም ዳሩ ላይ የተሠራውን ያህል ነው።

ሦስት ጊዜ በጨዋማ ውሃ አለቀለቅሁት። የመጀመሪያው እጣቢ ወተት ይመስል ነበር፣ ሦስተኛው ጠራ። አጥልዬ፣ በዚፕ ከረጢት ውስጥ አንድ እንቁላል ውፍረት ብቻ እንዲኖረው ዘርግቼ ፍሪዘር ከተትኩ። ስስ ሆኖ ሲቀመጥ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ በኋላም የሚፈለገውን ያህል ቆርሶ ማውጣት ይቻላል። ላዩ ላይ የተያዘበትን ቀንና «ፒንክ፣ ባሕር» የሚል ጻፍኩበት። ንጹሑ 265 ግራም ሆነ።

እሑድ፣ ነሐሴ 25

ሁለት ሳምንቱ አለፈ። ስድስት እንቁላል በገንዳው ውሃ አሟሟሁና ለቀቅሁ።

ክሎውንፊሾቹ ወዲያው ዋጡ። ትልቋ ሴት ሁለት ወሰደች። ሐምራዊው ታንግ አንዱን ጎርሶ፣ አኝኮ፣ ተፋው። አንቲያሶቹ ግን ልቤን ሰበሩት። ሁሉም መጡ፤ ማይሲሱን የሚተፉት ሁለቱም ሳይቀሩ! ሽታው ጠርቷቸዋል። አንዷ እንቁላሉን በከንፈሯ ይዛ ሄደች፣ መዋጥ አቃታት፣ ለቀቀችው፣ ተመልሳ ያዘችው። ምስር የሚያክል ነገር ለእሷ አፍ እንደ ብርቱካን ነው። የቆየው የዓሣ አርቢዎች ልማድ ምግቡ ከዓሣው ዓይን አይብለጥ ይላል፤ የእሷ ዓይን ደግሞ ከዚያ ያንሳል።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 27

ትናንት የሠራሁት ስህተት ነው፤ ሌላ ሰው እንዳይደግመው ልጻፈው። እንቁላሉን በሹካ ጨፍልቄ ከነፈሳሹ ገንዳው ውስጥ ጨመርኩት፣ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ የሚበልጥ። አስኳሉ እንደ ጭስ ተበተነ። አንቲያሶቹ በጭሱ ውስጥ አፋቸውን እየከፈቱ ተሯሯጡ፤ የሚይዙት ግን የለም። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ታንጉ ያለበትን ግድግዳ ማየት አልቻልኩም። ላዩ ላይ የዘይት ቆዳ ተዘረጋ። ስኪመሩ፣ ማለትም የውሃውን ቆሻሻ በአረፋ ለይቶ ወደ ጽዋ የሚያወጣው ማጣሪያ፣ አረፋ መሥራት አቆመ፤ ዘይት ሲበዛበት አረፋው ይሞታል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ደግሞ በአንድ ጊዜ ተነሥቶ ጽዋውን ሞልቶ ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

ዛሬ ስለካው ፎስፌት፣ ከትርፍ ምግብ ውሃው ውስጥ የሚጠራቀመው ነገር፣ ከ0.05 ወደ 0.14 ወጥቷል። 70 ሊትር ውሃ ቀየርኩ፣ ላዩን በወረቀት ፎጣ እየነካሁ ዘይቱን አነሣሁ። ማንም አልሞተም። እግዚአብሔር ይመስገን።

አስኳሉ ጠቃሚው ክፍል ቢሆንም ልቅ ሆኖ ከገባ የሚመግበው ውሃውን ነው። ወይ ለዓሣው አፍ በሚመጥን ቅርፊት ውስጥ መታሸግ አለበት፣ ወይ በሌላ ነገር መያዝ።

ቅዳሜ፣ መስከረም 3 ቀን 2018

ጎረቤቴ ለአዲስ ዓመት ስጦታ ብሎ ከፑያለፕ ወንዝ ከያዛት ፒንክ እንቁላሏን አመጣልኝ። ያየሁት ልዩነት አስገረመኝ። ይህቺ ለመውለድ ቀናት የቀሯት ነበረች። እንቁላሉ ከከረጢቱ ራሱ ይፈስሳል፣ ማሸትም አያስፈልገውም፤ መጠኑ ወደ 6 ሚሊሜትር፣ ደህና አተር ነው። ግን ቅርፊቱ ጠጥሯል። ጠረጴዛ ላይ ብጥለው ይነጥራል፤ በጣቶቼ መሐል ብጫነው ይሾልካል እንጂ አይፈነዳም። ሳልመኑ ልጁን በጠጠር መሐል ሊቀብር ስለሆነ ቅርፊቱ መጠንከሩ ተገቢ ነው።

(በኋላ የጨመርኩት፦) የመስከረሙንም ሁለት ሳምንት አቀዝቅዤ ካቆየሁት በኋላ፣ ለማነጻጸር ሁለቱንም ዓይነት አሟሙቼ ለክሎውንፊሾቹ ሰጠሁ። የነሐሴውን ዋጡ። የመስከረሙን ትልቋ ሴት ይዛ ተፋች፣ ወንዱ ጭራሽ አልቀረበም። እንግዲህ ዓሣ አጥማጅ በስሎ የረገፈውን እንቁላል ይወዳል፤ ለገንዳ ግን ተመራጩ ገና ባሕር ላይ እያለ የተያዘው፣ ያልበሰለው፣ ትንሹና ቆዳው የለሰለሰው ነው። ይህን ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ አንድ ወር እቆጥብ ነበር።

በነገራችን ላይ፣ ለማጥመጃ ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጠውን የሳልመን እንቁላል ገንዳ ውስጥ አታስገቡ። ለማቆያና ለማድመቂያ ቦራክስ፣ ሶዲየም ሰልፋይትና ቀለም ይጨመርበታል። ዓሣን ለመያዝ እንጂ ለማኖር አልተሠራም።

እሑድ፣ ጥቅምት 2

ጠንካራውን እንቁላል ለመጠቀም ጄላቲን፣ ሲቀዘቅዝ የሚረጋውን ማያያዣ፣ ሞከርኩ። 150 ግራም በብሌንደር አጭር አጭር አድርጌ መታሁ፣ በሻይ ወንፊት አሳልፌ ቅርፊቱን አስቀረሁ። 10 ግራም ጄላቲን በ60 ሚሊሊትር ሙቅ ውሃ አሟሙቼ፣ ለብ እስኪል ጠብቄ ቀላቀልኩ። ትኩስ ሳለ የቀላቀልኩት የመጀመሪያው ዙር እንቁላሉን አብስሎ እንደ ዕርጎ አንጓለለው። ሁለተኛው ለስላሳ ሆነ። በደንብ ያልተላመ ሽሪምፕ ጨመርኩበት፣ ትሪ ላይ 2 ሚሊሜትር አድርጌ ዘርግቼ አቀዘቀዝኩ።

ሲቀዘቅዝ በቢላ ደቃቅ አድርጌ ከተፍኩት። የገንዳው ውሃ 25 ዲግሪ ነው፤ ጄላቲን በዚያ ሙቀት ለጥቂት ደቂቃ ይቆያል። አራቱ አንቲያሶች በሉ። ውሃው አልደፈረሰም፣ ስኪመሩም አልቆመም። ማይሲስ የሚተፉት ሁለቱ ግን ቁራጩን ቀምሰው አለፉ። አፋቸው የሚፈልገው ክብ፣ ሙሉ፣ ትንሽ ነገር ይመስላል። ሁለቱ አሁንም እየከሱ ነው። ጾማቸውን እያደሩ ማየት ከባድ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር 2

ጋሼ ትናንት ከሲያትል በስተሰሜን ካለችው ላ ኮነር ከተማ ደወሉ። ስሜልት የሚባለው ትንሽ የባሕር ዓሣ ገብቷል። በክረምት እዚያ ቦይ ውስጥ ትንንሽ መንጠቆ የተደረደረበትን ክር ወደ ላይ ወደ ታች እያሉ ነው የሚይዙት። እሳቸው ጠብሰው በሎሚና በሚጥሚጣ ይወዱታል። «እንቁላል ያለበትን ለይቼ ላምጣልህ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ሳይከፈት አይለይም፤ ሁሉንም እኔ ላጽዳልዎት» አልኳቸው። እንዲህ ተስማማን፦ ሥጋው የእሳቸው፣ እንቁላሉ የእኔ።

አርባ ሁለት ዓሣ ከፈትኩ፤ አሥራ ሰባቱ ሴት ናቸው። ጾሙ ስላለፈ ማድቤት ውስጥ ተፈቅዶልኛል፤ እማዬም አጠገቤ ቆማ ስታይ ቆየች። የመጀመሪያዋን ሆድ ስከፍት «ጤፍ!» አለች። እውነትም ጤፍ ነው። አንድ ሚሊሜትር ያህል፣ ክብ፣ ሐመር ቢጫ። ፈዝዤ አየሁት። አንቲያስ በባሕሩ ውስጥ አመሻሽ ላይ የሚያገኘው እንቁላል መጠኑ ይኸው ነው።

የበሰለው ግን አስቸጋሪ ነው። ስሜልት እንቁላሉን ዳር ላይ ባለ ደቃቅ ጠጠር ነው የሚያጣብቀው፤ ስለዚህ ውሃ ሲነካው ሙጫ ያወጣል። በጨዋማ ውሃ ያለቀለቅሁት የመጀመሪያው እፍኝ እንደ ተነከረ ተልባ ተያያዘ፤ ወንፊቱም ላይ ተለጠፈ። ለሳልመን የሠራው ለዚህ አልሠራም። ስለዚህ ሌሎቹን ጭራሽ ውሃ አላስነካሁም፤ ከረጢቱን ሳልቀደው በፎጣ ጠራርጌ፣ ሙሉውን እንደ ጣት ደርድሬ አቀዘቀዝኩት። 115 ግራም ሆነ።

ቅዳሜ፣ ጥር 16

የቀዘቀዘውን ጣት ከፍሪዘር እንደወጣ በዝንጅብል መፋቂያ ፋቅሁት። ከረጢቱ ድርቅ ባለበት ጊዜ ሙጫው አይሠራም፤ ፍሬው አንድ በአንድ እየተላቀቀ ወረደ። የተሰነጠቀውን ለማስወገድ በደቃቅ የዓሣ መረብ ላይ አድርጌ በገንዳ ውሃ አንዴ ብቻ ቶሎ አሳለፍኩበት፣ ከዚያ ሳይዘገይ ፓምፑ ውሃ በሚገፋበት ቦታ ላይ ለቀቅሁት።

እንቁላሉ በጅረቱ ተበተነ፤ አንቲያሶቹም ስድስቱም ተነሡ። ዘጠኝ ወር ገደማ ይዣቸው እንዲህ ሲበሉ አይቼ አላውቅም። ወንዱ ክንፉን ዘርግቶ መሐል ገባ። ሁለቱ፣ ማይሲስ የሚተፉት፣ ጄላቲን የናቁት፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ለቀሙ፤ የአንደኛዋን እስከ ሃያ ስድስት ቆጠርኩ። አልተፋችም። ቀስ ብሎ የሰመጠውን ክሎውንፊሾቹ ከሥር ጠበቁት። እማዬን ጠራኋት፤ ነጠላዋን እያስተካከለች መጥታ ቆመች።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

በየቀኑ አንዴ፣ አመሻሽ ላይ፣ የሻይ ማንኪያ ሩብ ብቻ። ጠዋትና ቀን ማይሲሱ ይቀጥላል፤ እንቁላል ስቡ ብዙ ስለሆነ ብቻውን ምግብ ላደርገው አልፈልግም። ፎስፌት 0.06። ስኪመሩ ለአንድ ሰዓት ያህል ደከም ይላል፣ ከዚያ ይመለሳል። ወንበር ላይ ቆሜ ከላይ አየኋቸው፤ የአራቱ ጀርባ ሞልቷል፣ የሁለቱ ጉድጓድ ግን ገና አለ፣ ቢሆንም አንሷል።

የማታውን ማብላት እማዬ ወስዳዋለች። የተፋቀውን ከትንሿ ሳህን እንደ ጨው በጣቶቿ ቆንጥራ ትረጫለች፤ መጀመሪያ ግን እጇን በጨዋማው ውሃ እንድትታጠብ አስተምሬያታለሁ፤ ሳሙና ገንዳው ውስጥ መግባት የለበትም። ትናንት ስትረጭ «ኑ፣ የአሰብ ልጆች» ስትላቸው ሰማኋት።

የስሜልቱ እንቁላል ቢቆጠብም ለዘለቄታው አይበቃም። የነሐሴው ሳልመን ለክሎውንፊሾቹ ተለይቶ ተቀምጧል። ጋሼ ነገ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ላ ኮነር ይሄዳሉ፤ ሳጥኑንና በረዶውን በር ላይ አስቀምጫለሁ።